የዱዮዲነም ጀማሪ ዕጢ፦ በኢንዶስኮፒ ከማየት እስከ ቲሹ ምልክት ንባብ

ዱዮዲነም (ከጨጓራ ቀጥሎ ያለው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ) ላይ ያለ ጀማሪ ዕጢ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። ታካሚው የመጣው ጨጓራዬን አሞኛል ብሎ ነው። ጨጓራው በደንብ ይታያል። ከዚያ ካሜራው ዱዮዲነም ገባ ብሎ ይወጣል፤ ሁለት ፎቶ ይነሳል፤ ምርመራው አለቀ። ዕጢው ግን ከአንዱ እጥፋት ጀርባ ሳይታይ ሊቀር ይችላል።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ኢንዶስኮፒ ለሚሠሩ፣ ሥልጠና ላይ ላሉ እና ናሙናውን ለሚያነቡ ፓቶሎጂስቶች ነው። የሐሞት እና የቆሽት ቱቦ የሚከፈትበት ፓፒላ ራሱ ላይ የሚወጣ ዕጢ የራሱ አካሄድ ስላለው እዚህ አልገባበትም። የማወራው ከፓፒላው ውጭ፣ ከውስጠኛው ሽፋን ስለሚነሱ አዴኖማዎች (ገና ካንሰር ያልሆኑ፣ ግን ሊሆኑ የሚችሉ ዕጢዎች) እና ገና ወደ ጥልቀት ስላልገቡ ካንሰሮች ነው።

ደጋግሜ የማነሳው አንድ ነገር አለ። ዕጢው ከፓፒላው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ነጭ ነው ወይስ ቀይ? ኢንዶስኮፒ ክፍሉ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች መልሶ ካልላከ፣ ፓቶሎጂስቱ የሚሠራው ስቴይን (ቲሹውን ቀለም መንከር) ግማሽ ትርጉሙን ያጣል።

ደረጃ 1፦ ቦታውን በትክክል ይወቁ

ዱዮዲነም 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አራት ክፍል አለው። መጀመሪያ ከጨጓራ እንደተወጣ ሰፋ ያለው አምፖል መሳዩ ክፍል (ከእንግሊዝኛው bulb ወስደን «በልብ» የምንለው፤ ከልብ ጋር አይገናኝም)፣ ከዚያ ወደ ታች የሚወርደው ሁለተኛው፣ ከዚያ አግድም የሚሄደው ሦስተኛው፣ መጨረሻ ላይ ወደ ላይ የሚወጣው አራተኛው። ፓፒላው የሚገኘው በሁለተኛው ክፍል ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ነው።

የቦታው ነገር ለሥርዓት ያህል ብቻ የሚጻፍ አይደለም። በልቡ በየቀኑ የጨጓራ አሲድ ያገኘዋል፤ ከሥሩም የብሩነር እጢዎች (አሲዱን የሚያለዝብ ንፍጥ የሚያመነጩት) ታጭቀዋል። ከፓፒላው በኋላ አሲዱ በሐሞት እና በቆሽት ፈሳሽ ይለዝባል፣ የብሩነር እጢዎቹም እየሳሱ ይሄዳሉ። ዕጢዎቹም ይህንኑ ይከተላሉ። ከፓፒላው በፊት የሚወጡት ወደ ጨጓራ ባሕርይ ያደላሉ። በኋላ የሚወጡት አብዛኞቹ የአንጀት ባሕርይ አላቸው። ሁልጊዜ አይደለም፣ ግን ስላይዱን ከማየታችሁ በፊት ግምታችሁን የሚያቀና መረጃ ነው።

ደረጃ 2፦ ለማየት ማመቻቸት

አረፋ ካለ ምንም አታዩም። ሲሜቲኮን የተቀላቀለበት ውሃ እየረጫችሁ እጠቡ። ሐሞቱንም እጠቡ፤ ቢጫው ፈሳሽ የሽፋኑን ቀለም ይደብቃል። ካሜራው ጫፍ ላይ ግልጽ የፕላስቲክ ካፕ ግጠሙ። ካፑ እጥፋቶችን ገለጥ ያደርጋል፣ ሌንሱንም ከግድግዳው ትክክለኛ ርቀት ላይ ያቆየዋል።

አንጀቱ በጣም የሚንቀሳቀስ ከሆነ 20 ሚሊ ግራም ሃዮሲን ቡቲልብሮማይድ በደም ሥር ይሰጣል። ከመስጠታችሁ በፊት ግላኮማ፣ የልብ ምት ችግር እና ሽንት አልወጣ የማለት ችግር መኖሩን ጠይቁ። ሃዮሲን ለማይሆናቸው ሰዎች ግሉካጎን አማራጭ ነው።

ዋናው እይታ ስትወጡ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። ካሜራው ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ከተስተካከለ በኋላ መጎተት ሲጀመር ሸርተት ብሎ በአንዴ በልብ ውስጥ ይገኛል። በበልብ እና በሁለተኛው ክፍል መሐል ያለው ኩርባ እና የውስጠኛው ግድግዳ ሳይታዩ የሚያልፉት በዚህ ቅጽበት ነው። ካመለጣችሁ ተመልሳችሁ ግቡ። ፓፒላው በካፕ ካልታየ ጎን የሚያይ ካሜራ ያስፈልጋል። ዕጢውን ከፓፒላው አንጻር ለማስቀመጥ ደግሞ መጀመሪያ ፓፒላውን ራሱን ማየት ግድ ነው።

አንድ የምወደው ዘዴ አለ። አየሩን መጥጣችሁ አንጀቱን በውሃ ሙሉት። ቪላዮቹ (የአንጀቱን ውስጥ የሸፈኑት ጥቃቅን ጣት መሳይ ጉብታዎች) ከግድግዳው ተነስተው እንደ ሣር ውሃው ውስጥ ይወዛወዛሉ። ዕጢው ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ውዝዋዜው ይቆማል ወይም መልኩ ይለወጣል። ድንበሩ በአየር ካየነው ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

ሳትነኩ እዩ። በመምጠጫው ከሳባችሁት ወይም በካፑ ካሻችሁት ይቀላል፣ ይደማል። ያ እናንተ ያመጣችሁት ቅላት በኋላ የካንሰር ምልክት መስሎ ይጻፋል።

ደረጃ 3፦ በነጭ ብርሃን ማንበብ

መጠኑን፣ ቅርጹን፣ ቀለሙን መዝግቡ። መጠን ለመገመት የተከፈተ ባዮፕሲ (ናሙና መውሰጃ) መቆንጠጫ አጠገቡ አስቀምጡና ፎቶ አንሱ፤ የመቆንጠጫችሁን ስፋት አስቀድማችሁ እወቁ። ቅርጹን በፓሪስ ምደባ ጻፉ፦ ግንድ ያለው፣ ያለ ግንድ ያበጠ፣ በትንሹ ከፍ ያለ፣ ጠፍጣፋ፣ ጎድጎድ ያለ። ዱዮዲነም ላይ በብዛት የሚያጋጥመው በትንሹ ከፍ ያለው ነው። መሐሉ የጎደጎደ ከሆነ ግን ቆም በሉ።

ቀለሙ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ብዙ አዴኖማዎች ነጭ ናቸው። ቀረብ ስትሉ የቪላዮቹ ጫፍ ወተት የተነከረ ይመስላል። ይህ ነጭ ነገር ቆሻሻ አይደለም፣ መግልም አይደለም። የዕጢው ሴሎች ራሳቸው የመጠጡት ስብ ነው፤ ጥቃቅን የስብ ጠብታዎች ሴሉ ውስጥ ተከማችተው ብርሃኑን ይመልሱታል። ውሃ ብትረጩ አይታጠብም። በዚህ ነው ከአረፋ እና ከንፍጥ የሚለየው። ስብ መምጠጥ የአንጀት ሴል ሥራ ስለሆነ፣ ይህ ነጭነት ዕጢው የአንጀት ባሕርይ እንዳለው ይጠቁማል።

ነጭነቱ እንዴት እንደተሰራጨም እዩ። ዕጢውን ሙሉ በሙሉ በእኩል ካለበሰው ዝቅተኛ ደረጃ ዲስፕላዥያ (ወደ ካንሰር ሊያመራ የሚችል የሴል ለውጥ) የመሆን ዕድሉ ያመዝናል። ዳር ዳሩን ብቻ ከከበበ እና መሐሉ ቀልቶ ከራቆተ፣ ያ ቀይ ቦታ ከፍተኛ ደረጃ ዲስፕላዥያ ሊሆን ስለሚችል ትኩረታችሁ እዚያ ይሁን። በበልብ ውስጥ ያለ፣ ነጭነት የሌለው፣ ቀላ ያለ ዕጢ ደግሞ የጨጓራ ባሕርይ ያለው እንዳይሆን ጠርጥሩ። ትንሽ ስለሆነ አትናቁት። የጨጓራ ባሕርይ ያላቸው ዕጢዎች ካንሰር ሲሆኑ ጠባያቸው ከአንጀቶቹ የከፋ የመሆን ዝንባሌ አለው።

ደረጃ 4፦ በኤንቢአይ እና በማጉያ

ኤንቢአይ (በተመረጠ ጠባብ የብርሃን ክልል የሚያሳይ የካሜራ ዘዴ) 415 እና 540 ናኖሜትር አካባቢ ባለ ብርሃን ነው የሚሠራው። ይህን ብርሃን ሄሞግሎቢን ስለሚመጠው የደም ሥሮች ጠቁረው ይወጣሉ። ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ድንበር አለ ወይ? የገጹ ቅርጽ እኩል ነው ወይስ የተዘበራረቀ? የደም ሥሮቹስ? ነጭ ስቡ የደም ሥሮቹን ሲሸፍንባችሁ በገጹ ቅርጽ እና በነጩ አሰላለፍ ተመሩ። ማጉያ ከሌላችሁ ኢንዲጎ ካርሚን እርጩበት፤ ሰማያዊው ቀለም ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች ላይ ተኝቶ ድንበሩን ያወጣዋል።

ደረጃ 5፦ የሚመሳሰሉትን መለየት

በበልብ ውስጥ ለስላሳ ገጽ ያለው፣ ከሥር የተገፋ የሚመስል እብጠት የብሩነር እጢ መብዛት ሊሆን ይችላል። ጥቃቅን ጉብታዎች በአንድ አካባቢ ተሰብስበው ከታዩ ቦታውን የሳተ የጨጓራ ሽፋን መሆኑን አስቡ። ቢጫ መሳይ፣ ጠጠር ያለ፣ ከሽፋኑ ሥር ያለ ጉብታ ኒዩሮኢንዶክሪን ዕጢ (ሆርሞን ከሚያመነጩ ሴሎች የሚነሳ) ሊሆን ይችላል። እሱ የሚረጋገጠው ሲናፕቶፊዚን እና ክሮሞግራኒን ኤ በተባሉ የቲሹ ምልክቶች ነው።

በጣም የሚያታልለው ግን ፎሊኩላር ሊምፎማ (የሊምፎሳይት ሴሎች ካንሰር) ነው። በሁለተኛው ክፍል፣ ፓፒላው አካባቢ ነጫጭ ፍሬዎች ተበትነው ይታያሉ። ነጭነታቸው ከአዴኖማ ጋር ያምታታል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ አዴኖማ ብዙ ጊዜ ድንበር ያለው አንድ ቁራጭ ነው፤ ሊምፎማው ግን ብዙ ትንንሽ ነጭ ፍሬ ነው። ቲሹ ላይም ወጥመድ አለ። ሲዲ10 የተባለው የቲሹ ምልክት ለሁለቱም ሊበራ (በስቴይኑ ቀለም ሊይዝ) ይችላል። በአዴኖማ የሚበራው በኤፒተልየም ሴሉ አናት ላይ ባለው ቀጭን መስመር ነው። በሊምፎማ የሚበራው ከሽፋኑ ሥር ያሉት ሊምፎሳይቶች ናቸው፤ ሲዲ20 እና ቢሲኤል2 አብረው ይበራሉ። ስለዚህ ሪፖርት ላይ «ሲዲ10 ፖዘቲቭ» ብቻ ብሎ መተው አይበቃም። የትኛው ሴል? የሴሉስ የትኛው ቦታ? ይጻፍ።

ደረጃ 6፦ ባዮፕሲ፦ መቼ፣ ስንት

ይህ ደረጃ ያንገበግበኛል። የዱዮዲነም ግድግዳ ስስ ነው። በመቆንጠጫ የተነከሰ ቦታ ሲድን ጠባሳ ይፈጥራል። ጠባሳው ሽፋኑን ከሥሩ ጋር ያጣብቀዋል። በኋላ ዕጢውን ለማውጣት ከሥሩ ፈሳሽ ሲወጋ መነሳት ያለበት ቦታ አይነሳም። አንድ ጊዜ ሌላ ቦታ ሦስት ጊዜ ባዮፕሲ የተደረገለት ታካሚ መጣልን። ዕጢው ትንሽ ነበር። ፈሳሹን ስንወጋ ዳር ዳሩ አምሮ ተነሳ፣ መሐሉ ግን እንደ ሶፋ ቁልፍ ተሰርጉዶ ቀረ። በቀላሉ የሚያልቅ ሥራ አስፈሪ ሆነ።

ስለዚህ አካሄዱ ይህ ነው። በአይን አዴኖማ እንደሆነ ግልጽ ከሆነ እና በቀጥታ ሙሉ በሙሉ ማውጣት ከቻላችሁ፣ ባዮፕሲውን ዝለሉት፤ የወጣው ቁራጭ ራሱ ከሁሉ የተሻለ ናሙና ነው። መጠራጠር ካለ አንድ ንክሻ፣ በጣም ከሚያሳስበው ቦታ፣ ማለትም ከቀላው ወይም ከጎደጎደው ላይ ውሰዱ። ባዮፕሲ የዲስፕላዥያውን ደረጃ ዝቅ አድርጎ የማሳየት ልማድ እንዳለውም አትርሱ። «ዝቅተኛ ደረጃ» የሚል መልስ ቢመጣም ዕጢው ቀይ እና ትልቅ ከሆነ አይናችሁን እመኑ።

ደረጃ 7፦ ናሙናውን እና ወረቀቱን መላክ

ተቆርጦ የወጣ ቁራጭ ፎርማሊን ውስጥ ዝም ብሎ ከተጣለ ይጠቀለላል። ከዚያ ጠርዙ የት እንደሆነ፣ ጥልቀቱ ስንት እንደሆነ ማንም አያውቅም። ቡሽ ወይም ፎም ላይ ዘርጉት፣ በቀጫጭን መርፌ ዙሪያውን ወጥሩት፣ ሥሩ ወደ ቡሹ ይሁን። አጥብቃችሁ አትወጥሩት፤ ሽፋኑ ይቀደዳል። 10 በመቶ ገለልተኛ ፎርማሊን ውስጥ ክተቱት። ፓቶሎጂስቱ በ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ልዩነት እየቆረጠ ያየዋል።

ወረቀቱ ላይ «የዱዮዲነም ፖሊፕ» ብሎ መላክ ይብቃ። እንዲህ ጻፉ፦ «ሁለተኛው ክፍል፣ ከፓፒላው በኋላ፣ 12 ሚሊ ሜትር፣ በትንሹ ከፍ ያለ፣ ዳሩ ነጭ መሐሉ ቀይ፣ ከዚህ በፊት ባዮፕሲ አልተደረገም።» አንድ መስመር ነው። ፎቶ ካያያዛችሁ ደግሞ ፓቶሎጂስቱ ያመሰግናችኋል።

ደረጃ 8፦ አራቱ የቲሹ ምልክቶች

መጀመሪያ ሁልጊዜ ተራው ኤች ኤንድ ኢ ስቴይን ነው። የአንጀት ዓይነት አዴኖማ ኒውክሊየሱ እንደ እርሳስ ረዘም ያለ፣ የጠቆረ፣ የተደራረበ ነው፤ በመሐሉ ጎብሌት ሴሎች (ንፍጥ አመንጪዎቹ) እና ፓኔት ሴሎች (ጀርም ተከላካዮቹ) አሉ። የጨጓራው ዓይነት፣ በተለይ የፓይሎሪክ እጢ አዴኖማ፣ የዋህ ይመስላል። ክብ ኒውክሊየስ፣ ፈዘዝ ያለ ሳይቶፕላዝም፣ ተጠጋግተው የታጨቁ ትንንሽ እጢዎች። በፍጥነት ያየው ሰው «ብሩነር እጢ» ብሎ ያልፈዋል። በበልብ ውስጥ እንደነበረ እና ድንበር እንዳለው ወረቀቱ ላይ ከተጻፈ ግን ቆም ይላል።

ቀጥሎ አራቱ ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪዎች (አንድን ፕሮቲን ለይተው የሚያበሩ ስቴይኖች) ይሠራሉ። ሙክ5ኤሲ የጨጓራን የላይኛ ሽፋን ሴል ያሳያል። ሙክ6 የጨጓራን ጥልቅ እጢ፣ እንዲሁም የብሩነር እጢን ያሳያል። ሙክ2 ጎብሌት ሴልን፣ ሲዲ10 ደግሞ የአንጀት ሴል አናት ላይ ያለውን ብሩሽ ቦርደር ያሳያል። ሙክ2 ወይም ሲዲ10 ብቻ ከበሩ የአንጀት ዓይነት ነው። ሙክ5ኤሲ ወይም ሙክ6 ብቻ ከበሩ የጨጓራ ነው። ከሁለቱም ወገን ከበራ ቅይጥ፣ ምንም ካልበራ ያልተመደበ ይባላል። በተለምዶ ፖዘቲቭ የሚባለው ቢያንስ 10 በመቶው የዕጢው ሴል ሲበራ ነው። የምትጠቀሙበትን መስፈርት ሪፖርቱ ላይ ጻፉ።

ስቴይኑ መሥራቱን ለማረጋገጥ ዱዮዲነሙ ራሱ ይረዳችኋል። አጠገቡ ያለው ጤነኛ ሽፋን ውስጥ ጎብሌት ሴሉ በሙክ2፣ ቪላዩ አናት በሲዲ10፣ ብሩነር እጢው በሙክ6 መብራት አለበት። ካልበራ ዕጢው ኔጋቲቭ ነው አትበሉ፤ ስቴይኑ ነው ያልሠራው። ለሙክ5ኤሲ ግን የጨጓራ ቲሹ ከውጭ አምጥታችሁ እዚያው ስላይድ ላይ አስቀምጡ።

አሁን የፓይሎሪክ እጢ አዴኖማን ስላይድ በቅርብ እንየው። ሙክ6 ስታደርጉ ሥሩ ያሉት የታጨቁ እጢዎች ሁሉ ቡናማ ይሆናሉ። ሙክ5ኤሲ ስታደርጉ ሥሩ ባዶ ሆኖ ላዩ ላይ ብቻ አንድ ቀጭን ቡናማ ንጣፍ ይወጣል። ሁለቱን ስላይዶች ጎን ለጎን ስታስቀምጡ አንዱ የሌላውን ክፍት ቦታ ይሞላል። ይህን አንዴ ያየ ሰው ሌላ ጊዜ አይስተውም።

ሦስት ወጥመድ ልንገራችሁ። አንደኛ፣ አሲድ ያቆሰለው በልብ ሲድን የጨጓራ ዓይነት ሽፋን ያበቅላል፤ ሙክ5ኤሲም ይበራል። ስለዚህ ሙክ5ኤሲ በራ ማለት ዕጢ ነው ማለት አይደለም፤ ዕጢነቱን የሚወስነው ኤች ኤንድ ኢው ነው። ሁለተኛ፣ ዕጢው መሐል የታሰሩ ጤነኛ እጢዎችን አብራችሁ አትቁጠሩ። ሦስተኛ፣ የቁራጩ ገጽ ከተፋቀ ብሩሽ ቦርደሩም አብሮ ሄዷል፤ ሲዲ10 ኔጋቲቭ የሚመስለው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 9፦ ተጨማሪ ምልክቶች

ኬአይ-67 (የሚከፋፈሉ ሴሎችን የሚያሳየው) በጤነኛ ሽፋን ክሪፕቱ (በቪላዮቹ መሐል ያለው ጉድጓድ) ሥር ብቻ ይበራል፤ በአዴኖማ ወደ ላይኛው ገጽ ይወጣል። ፒ53 (ካንሰርን የሚገታ ፕሮቲን) ሲነበብ ከፍ ብሎ መብራቱን ብቻ አትፈልጉ። የተዘበራረቀ፣ አንዳንዱ ደመቅ አንዳንዱ ደብዘዝ ያለ ከሆነ ጤነኛው ነው። ሁሉም ሴል በኃይል ከበራ ወይም ጭራሽ ምንም ካልበራ ግን ሁለቱም የሚውቴሽን ምልክት ናቸው። በባዶው ጊዜ አጠገብ ያሉ ሊምፎሳይቶች ደብዘዝ ብለው መብራታቸውን አረጋግጡ። ካንሰር ከሆነ ዲኤንኤ የሚጠግኑት ፕሮቲኖች፣ ኤምኤልኤች1፣ ፒኤምኤስ2፣ ኤምኤስኤች2 እና ኤምኤስኤች6 ይታዩ፤ ሊንች ሲንድረም (እነዚህ የሚጎድሉበት በዘር የሚተላለፍ የካንሰር ተጋላጭነት) ያለባቸው ሰዎች የዱዮዲነም ካንሰር ሊይዛቸው ይችላል።

ታካሚዎች «በደም አይታወቅም ወይ?» ይላሉ። በደም የሚለኩት የካንሰር ምልክቶች ሲኢኤ እና ሲኤ19-9 ጀማሪ ዕጢን ለማግኘት አይጠቅሙም። ደሙ ጤነኛ ነው ብላችሁ ዕጢውን አትተዉት።

ደረጃ 10፦ አንድ ላይ አድርጎ መወሰን

ፓቶሎጂው በቪየና ምደባ ይመጣል፦ ምድብ 3 ዝቅተኛ ደረጃ፣ ምድብ 4 ከፍተኛ ደረጃ እና ሽፋኑ ውስጥ ብቻ ያለ ካንሰር፣ ምድብ 5 ወደ ሥር የገባ ካንሰር። ይህን ከመጠኑ፣ ከቦታው እና ከአራቱ ምልክቶች ጋር አጋጥሙት። ነጭ፣ ከፓፒላው በኋላ ያለ፣ ሲዲ10 እና ሙክ2 የበራለት ዕጢ ታሪኩ ይገጥማል። ነጭ ዕጢ ሆኖ ሙክ5ኤሲ ብቻ ከበራ ግን አንድ ነገር ተሳስቷል፤ ናሙናው ሌላ ቦታ ተወስዶ ይሆናል ወይም ስላይድ ተለዋውጦ ይሆናል። ስልክ አንሱና ተነጋገሩ።

የአውሮፓ የጨጓራና አንጀት ኢንዶስኮፒ ማኅበር በ2021 ባወጣው መመሪያ ለትንንሾቹ፣ ከ6 ሚሊ ሜትር በታች ለሆኑት፣ ያለ ኤሌክትሪክ በሽቦ ማነቆ ቆርጦ ማውጣትን፣ ለትልልቆቹ ደግሞ ኢኤምአርን (ከሥሩ ፈሳሽ ወግቶ በማነቆ ቆርጦ ማውጣትን) ያስቀድማል። ኢኤስዲ (በቢላ ከሥሩ ፈልፍሎ በአንድ ቁራጭ ማውጣት) ዱዮዲነም ላይ በጣም ልምድ ላለው እጅ ብቻ ነው። ግድግዳው ስስ ከመሆኑም በላይ ሐሞት እና የቆሽት ፈሳሽ ቁስሉ ላይ ስለሚፈስ፣ ሥራው ካለቀ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ አንጀቱ ሊበሳ ይችላል። ሰፊ ቁስል ከተቻለ በክሊፕ ተዘግቶ ይውጣ። ወደ ሥር የገባ ካንሰር ከተጠረጠረ ጉዳዩ ወደ ቀዶ ሐኪሞች ይሂድ።

ታካሚው ኮሎኖስኮፒ ተደርጎለት የማያውቅ ከሆነ ይደረግለት። ብዙ አዴኖማ ካለው ኤፍኤፒን (አንጀት ላይ ብዙ አዴኖማ የሚያወጣ በዘር የሚተላለፍ በሽታ) አስቡ። ኤፍኤፒ ላለባቸው በ1989 የወጣው የስፒገልማን ነጥብ አለ፤ ብዛት፣ መጠን፣ የቲሹ ዓይነት እና የዲስፕላዥያ ደረጃ እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 3 ይሰጣቸዋል። ድምሩ ከ9 እስከ 12 ከሆነ አራተኛው፣ ከሁሉ አሳሳቢው ደረጃ ነው።

ክትትሉ ከተወገደ ከ3 ወር በኋላ ይጀምራል። ያኔ ጠባሳውን በውሃ ሙሉት፣ በኤንቢአይ እዩት፣ የድሮውን ፎቶ አጠገቡ ክፈቱ። ንጹሕ ከሆነ ቀጣዩ ከ1 ዓመት በኋላ ነው። ጠባሳው ዳር ላይ ያቺ ወተት የነካት የምትመስል ነጭ ነጥብ ከታየች፣ ውሃ እርጩባት። ካልታጠበች ተመልሷል ማለት ሊሆን ስለሚችል፣ ፎቶ አንስታችሁ ናሙናዋን ውሰዱ።